በቅዱሳን ስም የቆለፍኩት ዋይፋይ

እናቴ የደወለችልኝ ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ በገብርኤል፣ ከሥራ ወጥቼ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ወደ ቤቴ ስሄድ ነው። እናቴ ስትደውል ሰላምታዋ ረጅም ነው። መጀመሪያ እኔን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ሥራዬን፣ ከዚያ ሙቀቱን። «ያ ሙቀትስ እንዴት ሰነበተ?» ትለኛለች፣ ድሬዳዋ ላይ አብሮኝ የተከራየ ሰው ይመስል። የዚያን ዕለት ግን ሰላምታውን ዘለለችው።

«የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት፣ ለእህትሽ ሽማግሌ ይመጣል» አለች።

«እሰይ! እንኳን ደስ አለን!»

«ደስታው ይቆየን። አባትሽ ቢኖር እሱ ነበር ተቀምጦ የሚሰማቸው። አሁን በእሱ ቦታ ያለሽው ታላቋ አንቺ ነሽ። ፊትሽ ይታይ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ፈቃድ የለኝም፤ ከዚህ እዚያ ድረስ በአንድ ቀን እንዴት አድርጌ...»

«ነይ አልኩሽ? በዚያ ፊት በሚያሳየው ስልክ ብቅ በይ ነው ያልኩሽ። ድምፅ ብቻ አይሆንም። ሽማግሌ ቆሞ የሚናገረው ለሰው ፊት ነው።»

ስልኩን እንደዘጋሁ እህቴ ደወለች። ከጓዳ ነው የምትደውለው፤ እያንሾካሾከች።

«እትዬ፣ እማዬ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ አይደል? ‹ዘመድ እናማክር፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ› ነው የምትለው። ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት። ያኔ ጾሙ ገባ በይ።»

እውነቷን ነው። እኛ አገር በመጀመሪያው ቀን «እሺ» የሚል ቤተሰብ ልጁን ለማስወጣት የቸኮለ ይመስላል። ሽማግሌዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ሦስት ጊዜ ለመመላለስ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። ዐቢይ ጾም ከገባ ደግሞ እስከ ፋሲካ ሠርግ የሚባል ነገር የለም። እህቴን የሚያገባውን ልጅ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሩቅ ቦታ ሊያዛውረው ወር ተኩል ብቻ ቀርቶታል።

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

«እማዬ ለወጉ ብላ ‹ምን ትያለሽ ልጄ?› ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ ‹ዛሬውኑ እንመልስላቸው› በይ። ታላቅ ከተናገረች እማዬ ሰው ፊት አትሽርሽም። ሁለት ቃል ናት፣ እትዬ። ሁለት ቃል!»

ሁለት ቃል ከድሬዳዋ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ወዳለች ከተማ ማድረስ። ቀላል መሰለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ስልኬ መናገር አለብኝ። ከገና በኋላ ጠበል ልቀዳ ሄጄ ጎንበስ ስል ስልኬ ከደረቴ ሾልኮ ባልዲው ውስጥ ገባ። ስልኩ ነፍሱ ተረፈች፤ ይደውላል፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል። የፊት ካሜራው ግን ደፈረሰ፤ በእሱ የታየ ሰው ሁሉ ከጉም ውስጥ ብቅ ያለ ይመስላል። ለጥገና ልሰጠው አሰብኩና ተውኩት፤ ጠበል ገብቶ ተበላሸብኝ ብዬ ሰው ፊት ማማረር አፌ አልደፈረም። ውሎ አድሮ ይድናል ብዬ ጠበቅኩ። አልዳነም።

የምሠራው በአንድ የትራንዚት ቢሮ ነው፤ ከጅቡቲ ለሚገባ ኮንቴይነር የጉምሩክ ወረቀት አዘጋጃለሁ። ያኔውኑ ወደ ቢሮ ተመልሼ ላፕቶፕ እንዲያውሰኝ አለቃዬን ለመንኩት።

«ለምንሽ ነው?»

«ለሽምግልና።»

«ልታገቢ ነው?»

«እኔ አይደለሁም፣ ታናሼ ናት።»

«እንደዚያ በይ፤ አንቺ ስታገቢማ ፎርም አስሞልተሽ፣ በሦስት ኮፒ አስፈርመሽ ነው» አለና ሰጠኝ። ሳቅኩለት። ጥንቃቄዬን ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል።

ላፕቶፑ ሲም ካርድ አይገባበትም። ስለዚህ የስልኬን ኢንተርኔት ወደ ላፕቶፑ ማሻገር፣ ሆትስፖት መክፈት ማለት ነው፣ የግድ ሆነ። በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው፣ አማትቤ፣ ደብተርና እስክሪብቶ አጠገቤ አድርጌ ጀመርኩ። አንድ በነካሁ ቁጥር የነካሁትን እጽፋለሁ፤ ከጠፋብኝ በመጣሁበት እንድመለስ። ሴቲንግ፣ ከዚያ ኔትወርክ፣ ከዚያ ሆትስፖት፣ ከዚያ አብራ። በራ! ላፕቶፑም ስልኬን አየው።

ያየበት ስም ግን አላማረኝም። ፋብሪካው የሰጠው ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ነገር ነው፤ ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን መሰለኝ። ስም ላወጣለት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የግቢያችን ሰው በስልኩ ዋይፋይ ሲፈልግ ይህን ስም ማየቱ አይቀርም። ሳያስቀይም የሚመልስ ስም ያስፈልጋል። «ጸሎት ላይ ነኝ» ብዬ ሰየምኩት። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ማን ያውካል?

ችግሩ ምንድነው፣ ሆትስፖቱ በበራ ቁጥር እውነት እንዲሆን እኔም መጸለይ ነበረብኝ። ቅዳሜ ላፕቶፑን ስሞክር የዕለቱን ጸሎት ጨርሼ፣ የእሑዱን ደግሜ፣ የሰኞውን ስጀምር ጉልበቴ ዛለ። አጠፋሁት።

ፓስወርድ አላበጀሁለትም ነበር። ለምን ቢባል፣ እኛ ግቢ በር የሚዘጋ ሰው የለም። ድሬ ነው፤ በር ከተዘጋ አየር ከየት ይመጣል? ሁሉም መጋረጃ ጥሎ ነው የሚኖረው። በአንድ ወገን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ አሉ፤ ሰባ አልፏቸዋል፣ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። በሌላው ወገን ጨርቅ የምትነግድ ሱማልኛ ተናጋሪ ሙስሊም ጎረቤቴ አለች። ግቢው የገባሁ ሰሞን «እንደምን አደሩ? እርስዎ ደህና ነዎት?» ስላት ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች። «አቦ፣ አንቺ በይኝ! አስረጀሽኝ እኮ» አለችኝ። እሷ ጋሼንም፣ ቀበሌውንም፣ ቄሱንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ማንም አይቀየማትም። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ምን ልቆልፍ?

እሑድ ማርያም ነበረች፤ አስተርእዮ። ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስል ሆትስፖቱን ለሙከራ አብርቼ ማጥፋቱን ረሳሁት፤ ስልኩንም ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ቤት ትቼው ነው የምሄደው። ስመለስ ስልኬ ላይ አጭር መልእክት አለ። የወሩ ፓኬጅ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል።

የወሩ በሙሉ! ደንግጬ ቁጭ እንዳልኩ ከጋሼ ቤት የባቡር ጡሩምባ ተሰማ። ድሬዳዋ ውስጥ የድሮው ባቡር ጡሩምባ ከተሰማ ስንት ጊዜው ነው! ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጎረቤቴ ቤት አንዲት ሴት በቱርክኛ ስታለቅስ፣ ሌላ ሰው በአረብኛ ሲተረጉምላት ይሰማል።

ጋሼ መጋረጃቸውን ገልጠው ወጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ማደሞዜል!» አሉኝ። የምድር ባቡር ሰው ናቸው፤ ፈረንሳይኛው አልለቀቃቸውም። «የነዳሁትን ሞተር አየሁት። በቪዲዮ። የኔን ባቡር! ካየሁት ስንት ዓመቴ መሰለሽ!»

ምን ልበላቸው? «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ» አልኩ።

ከመጋረጃው ባሻገር ጎረቤቴ ጮኸች፦ «ናያ፣ አንቺ! ጸሎትሽን ጨረስሽ? ልጅቷ ልታገባው ስትል ድራማው ተቋረጠብኝ፣ ወላሂ!»

ያን ዕለት ማታ የንስሐ አባቴን ደውዬ ጠየቅኩ። «አባቴ፣ ከጎረቤት ዋይፋይ መቆለፍ ኃጢአት ይሆን?» አልኳቸው። ነገሩንም በዝርዝር አስረዳኋቸው። ሳል ሳል አሉና «ልጄ፣ እኔም አሁን የማዋራሽ በሰው ዋይፋይ ነው፤ እኔ በዚህ ነገር ዳኛ መሆን አልችልም» አሉኝ።

ስለዚህ ራሴ ወሰንኩ። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት የእህቴ ዕድል በዚህ መስመር ነው የሚያልፈው። ግማሽ መንገድ ላይ ባቡር ከገባበት፣ የቱርክ ሠርግ ከተደረበበት አለቀልን። አዲስ ፓኬጅ ገዛሁና ፓስወርድ አበጀሁ።

ፓስወርድ እንዳይገመት በየጊዜው ለውጪው የሚል ምክር ሰምቻለሁ። እንዳልረሳው ደግሞ በየቀኑ የማስታውሰው ነገር መሆን አለበት። ከዕለቱ ቅዱስ የበለጠ ምን አለ? ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። እሑዱን በላቲን ፊደል ማርያም ብዬ ሃያ አንድ ጨመርኩበት፤ ልክ ስምንት ፊደል። ስልኩ «ጥሩ» አለኝ። ተመስገን ብዬ ተኛሁ። በማግሥቱ ሰኞ ዑራኤል ነው። ዑራኤልን ከነሃያ ሁለቱ ስጽፈው ግን ሰባት ፊደል ሆነ፤ ስልኩ ከስምንት በታች አልቀበልም አለ። መልአክ ነው ብለው አይገባውም! ሥራ ሊረፍድብኝ ስለነበር የማክሰኞውን ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሦስት፣ አስገብቼ፣ ይይዝ እንደሆነ ለማየት ሆትስፖቱን እንዳበራሁ ስልኩን ቤት ትቼ ሮጥኩ።

ማታ ስመለስ ጎረቤቴ በሯ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«አንቺ፣ ዛሬ ማነው?»

«ማን ማነው?»

«ቅዱሱ ነዋ! ዛሬ ዑራኤል አይደለም እንዴ? ከጠዋት ጀምሬ ዑራኤል፣ ዑራኤል ስል ዋልኩ። እምቢ አለ። በኋላ ጊዮርጊስ ብለው ተከፈተ። ጊዮርጊስ ነገ ነው እኮ! ሃይማኖትሽን እንኳ በወጉ አትይዥም?»

«አንቺ... አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

«እንዴት አወቅሽ ትለኛለች! ነጠላ የምሸጠው እኔ አይደለሁም? ሃያ ዓመት! ለአንቺ በዓል ነው፣ ለእኔ ገበያ ነው። ማርያም ሲደርስ ጥበብ ያለው ይወጣል፣ ለቁልቢ ገብርኤል መደብሩ ባዶ ይቀራል። ከሃያ አራት እስከ ሃያ ዘጠኝ ልንገርሽ?» እናም ነገረችኝ። አንድም አልሳተችም። የማርያሙንማ እሑድ ማታውኑ ከፍታው ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ ጋሼ ጨመሩ፦ «ማደሞዜል፣ ዑራኤል ላይ ‹ቅዱስ› ብትጨምሪበት ይበቃ ነበር።»

ሁለቱም አብረው ነበር የሚሞክሩት! እኔ ሥራ ስሄድ ግቢው ውስጥ ዋይፋዬን የሚከፍት ጉባኤ ይቀመጣል ማለት ነው። ያን ሌሊት ቅዱስ ዑራኤልን ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ስሙ አንድ ፊደል ስላነሰው በማግሥቱ ቅዱስ መተካቴ ደግ አይደለም።

ማክሰኞና ረቡዕ ላስቸግራቸው ሞከርኩ። ቅዱሱን ገልብጬ ጻፍኩት፤ ጋሼ ባቡር እንደሚያዞሩ አዙረው አነበቡት። ኀሙስ ዕለት ከቅዱሱ ፊት የእናቴን የክርስትና ስም ጨመርኩ፤ ጎረቤቴ «እናትሽ ባለፈው መጥታ ‹ወለተ› ማን እንደምትባል ነግራኛለች እኮ፣ ከእኔ ነጠላ ስትገዛ» አለች። እናቴ አንድ ጊዜ ነው የጎበኘችኝ፣ ለሦስት ቀን። በሦስት ቀን ውስጥ ሚስጥራችንን ሁሉ አስረክባ ሄዳለች።

አርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተቀምጬ የወረቀቱን ክምር ሳይ መፍትሔው ፊት ለፊቴ ነበር። የኮንቴይነር ቁጥር! አራት ፊደልና ሰባት ቁጥር፣ ማንም ሰው በልቡ የማይዘው። ከብዙ ዓመት በፊት ሳሙና ይዞ መጥቶ ባዶውን ወደ ጅቡቲ የተመለሰ የአንዱን ኮንቴይነር ቁጥር መረጥኩ። እሱን የሚያስታውስ ከእኔና ከእግዚአብሔር በቀር የለም። ማታ ቤት ስገባ ቁጥሩን ስልኬ ላይ አስገባሁ፤ በዚያ ላይ «አንድ ሰው ብቻ ይግባ» የሚለውን መረጥኩ። ስሙንም ከዓይን ሰወርኩት። «ጸሎት ላይ ነኝ» ከግቢያችን ጠፋ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጎረቤቴ መጣች።

«ዋይፋዩ የት ሄደ?»

መዋሸት አልችልም። «ቆልፌዋለሁ» አልኩ።

«ማን ላይ?»

«እናንተ ላይ።»

«እኛ ላይ?» ጋሼ ወደ ቆሙበት ዞረች። «ሰማህ? እኛ ላይ ነው አለች!» ከዚያ ወደኔ፦ «ሀራም ነው እኮ! ነገ ልጅቷ ከእስር የምትፈታበት ነው!»

«ለነገ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። የእህቴ ሽማግሌዎች ይመጣሉ...» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሁለቱን ቃል፣ ጾሙን፣ ዝውውሩን። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። ጎረቤቴ ሰምታ ስትጨርስ «ሀዬ» አለች፤ «እሺ» ማለቷ ነው። «ከፍተሽ ብትነግሪኝ እኮ ራሴ አልነካውም ነበር። ቆለፍሽብኝ።» ተቀይማ ገባች። እኔም ቅር አለኝ፤ ግን አልከፈትኩም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋጀሁ። ነጠላዬን ለበስኩ፣ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አደረግኩ። ስልኩን የት ላስቀምጠው? ኔትወርኩ የሚደምቀው መስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ግን በጎረቤቴ በር በኩል ነው። ሞገዱ በግድግዳ ያልፋል ሲባል ሰምቻለሁ። ቁጥሩን ባያውቁትም፣ ስሙን ባያዩትም፣ የመጨረሻ ጥንቃቄ ቢጨመር ምን ይጎዳል? ሣጥኔን ከፍቼ እናቴ ያለበሰችኝን ጋቢ አወጣሁ። ድሬ ከመጣሁ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ወፍራም ጋቢ ነው። ስልኩን ቻርጅ ላይ እንዳለ በአራት እጥፍ ጠቀለልኩትና መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ የሚመታው እዚያው ላይ ነው። ይህን ልብ አላልኩትም። ጋቢ የሰው ብርድ እንጂ የስልክ ሞገድ እንደማይይዝም አላውቅም ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ደወሉ። ተከፈተ! እናቴ ጥሩ ልብሷን ለብሳ ተቀምጣለች። አጎቴ ስልኩን ይዞ ወደ በሩ አዞረልኝ፤ አራት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ታላቁ፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ጭራቸውን እየነሰነሱ ረጅሙን ንግግር ጀመሩ። እንደ ወጉ ቆመው ነው የሚናገሩት፤ እሺ ሲባሉ ነው የሚቀመጡት። የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ጀመር፤ እኔም በጣቴ አብሬ እቆጥራለሁ። ሦስተኛው ቤት ላይ ከመስኮቱ በኩል የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። አላመንኩትም። ስድስተኛው ቤት። ሰባተኛው። እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«መልካም ነው፤ የመጣችሁበትን ሰምተናል። እኛም እንግዲህ...» ወደ ስልኩ ዞረች። «ምን ትያለሽ፣ ልጄ?»

አፌን ከፈትኩ። እናቴም አፏን እንደከፈተች ቀረች። ስክሪኑ ላይ ያ ክብ ነገር መዞር ጀመረ።

ሮጬ ጋቢውን ፈታሁት። ስልኩ ከምድጃ የወጣ ይመስላል፤ እጄን አቃጠለኝ። «መሣሪያው በጣም ሞቋል። ሆትስፖት ተዘግቷል» ይላል። ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም፤ ጎረቤቶቼ ግን የቅዱሳኑን ስም በሙሉ በአንድ ትንፋሽ እንደጠራሁ ይናገራሉ። ሁለቱም መጋረጃዬን ገልጠው ገቡ።

«ፍሪጅ ውስጥ!» አለች ጎረቤቴ ስልኩን ቀምታ።

«በጭራሽ!» ጋሼ መልሰው ቀሟት። «የጋለ ሞተር በአንድ ጊዜ አይቀዘቅዝም! ይሰነጠቃል! ሠላሳ ዓመት ሞተር ነድቻለሁ!»

«ይሄ ባቡር ነው እንዴ?»

«ከባቡር በምን ያንሳል?» ኮፍያቸውን አውልቀው ያራግቡለት ጀመር።

«ሽማግሌዎቹ ቆመዋል!» አልኩ። እንባዬ መጣ። «ቆመው እየጠበቁ ነው! ዳታ ያለው ሰው የለም?»

ጎረቤቴ ደረቷን መታች። «እኔ አለኝ! ስለቆለፍሽብኝ ዛሬ ጠዋት ገዛሁ እኮ!» ስልኳን አወጣች። «በየት በኩል ነው የሚከፈተው?»

ስልኳ አረብኛ ነው። አንድ ፊደል አላነብም። ግን ሳምንቱን ሙሉ ከዚያች ገጽ ጋር ስታገል ስለሰነበትኩ ምልክቶቹን በዓይኔ አውቃቸዋለሁ፤ ማርሹ፣ ከዚያ ቀለበቶቹ፣ ከዚያ ሰንሰለቱ። ነካሁት። በራ።

«ቁልፍ ላስገባበት?» አለች።

«አይ! አይ! ክፍት ይሁን!»

ላፕቶፑ ያዘ። እናቴ ተመለሰች። በዚያ በኩል ምን ሲደረግ እንደነበር በኋላ እህቴ ነገረችኝ። ምስሌ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ግንባሬን ቋጥሬ፣ አፌን ገርበብ አድርጌ ነው የቀረው። ታላቁ ሽማግሌ ከጎናቸው ላሉት «ልጅቱ ተቆጥታለች መሰል» ብለዋል፤ አንደኛው በትራቸውን ከግድግዳው አንስተዋል። እናቴ ደግሞ ዝምታዬን ለእሷ ወግ እንደተስማማሁ ቆጥራ «እንግዲህ ዘመድ እናማክር፣ የዛሬ...» ብላ ጀምራለች። ጓዳ ውስጥ እህቴ ድስት ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች።

«ዛሬውኑ!» ብዬ ጮህኩ። «እማዬ፣ ዛሬውኑ እንመልስላቸው!»

እናቴ ወደኔ ዞረች። ፊቷ ላይ አንድ መቶ ነገር ነበረ። አንደኛው እንኳ ሳይወጣ ጎረቤቴ ከጎኔ፣ ስልኳን ከላፕቶፑ ላለማራቅ እየተንበረከከች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ እልልታዋን ለቀቀችው። ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ እልልታ ሰምቻለሁ፤ የጎረቤቴ ግን ከገበያው እስከ ለገሃር የሚሰማ ነው። በላፕቶፑ ገባ፣ በአጎቴ ስልክ ወጣ። ጓዳ ያሉት ሴቶች ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። አንዲቷ ተቀበለች፣ ሁለተኛዋ ጨመረች፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ እልል አለ።

ታላቁ ሽማግሌ ብልህ ሰው ናቸው። እናቴ አፏን ሳትከፍት «እግዚአብሔር ይስጥልን!» ብለው ቁጭ አሉ። ሦስቱም ተከትለው ቁጭ አሉ። የተቀመጠ ሽማግሌ ተነሣ አይባልም።

በዚህ መሀል ጋሼ ስልኬን እያራገቡ ፊታቸውን በላፕቶፑ ካሜራ ላይ ደቅነዋል። ሽማግሌዎቹ ነጭ ፀጉራቸውን ሲያዩ ደንግጠው እንደገና ተነሡ፤ ሌላ ታላቅ አጎቴ መስለዋቸዋል።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አሉ ጋሼ በሙሉ ሥልጣን። «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ልጁ ሰዓት ያከብራል?»

«በጣም!» አሉ ታላቁ ሽማግሌ።

«እንግዲያው ይውሰዳት።»

ስለ ሠርጉ ቀን መነጋገር ሲጀምሩ የጎረቤቴ ስልክ ባትሪ አለቀ። ሦስታችንም ጥቁሩን ላፕቶፕ እያየን ተቀመጥን።

«ምነው፣ አበላሸሁ እንዴ?» አለች ጎረቤቴ። «እልል ሲባል አለቀ ማለት አይደለም?»

«እልል የሚባለው የልጅቷ እናት እሺ ካለች በኋላ ነው» አልኳት።

«እናትየዋ እሺ አላለችም ነበር?»

«ገና ነበረች።»

«ታዲያ አሁን ብላለቻ!»

ማታ እናቴ ደወለች። ሰላምታ የለም። «ያቺ እልል ያለችው ማናት?»

«ጎረቤቴ ናት፣ እማዬ። ነጠላ የሸጠችልሽ።»

«ያቺ ናት?» አለች። «ሦስት ጊዜ ላስመልሳቸው ነበር። ስንት ዓመት ያሰብኩት ነገር ነው። የሚሉኝን፣ የምላቸውን ሁሉ አዘጋጅቼ። አንዱንም ሳልናገር ቁጭ አሉ።»

«ይቅር በዪኝ፣ እማዬ።»

«ሽማግሌው ደግሞ ‹ወንድምሽ የተከበሩ ሰው ናቸው› አሉኝ። የትኛው ወንድሜ?»

አስረዳኋት። አልሳቀችም፤ ግን ስልኩንም አልዘጋችም፤ ይህ ከእናቴ ብዙ ነው።

ከእሷ ቀጥሎ የእህቴ መልእክት ደረሰ። በጎረቤቴ ዋይፋይ ነው የደረሰው፤ ስልኬ መደወል ቢችልም ኢንተርኔቱ ገና አልተመለሰም ነበር። «እትዬ፣ ቀኑ ተቆረጠ። ጾሙ ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ። እማዬ ኩርፊያዋን ዛሬ ጀምራለች፤ ለሠርጉ ትጨርሳለች።»